«እናቴ ናት የምታውቀው»፦ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን በበጎ ፈቃድ ለማከም ዝርዝር መመሪያ

«ሆድህን ማመም የጀመረህ መቼ ነው?» አልኩት።

«እናቴ ናት የምታውቀው» አለኝ።

6 ዓመት ቢሆነው ነው። ቦታው ደብረ ብርሃን፣ መጠለያ የሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ዴስኮቹ ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ሰሌዳው ላይ የሂሳብ ትምህርት ገና አልጠፋም። ጊዜው 2014 ዓ.ም፣ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ደግሞ ደብረ ብርሃን የደረሰበት ነበር። ልጁን ይዛው የመጣችው ጎረቤት ነች። ከየትኛው መንደር እንደመጣ ታውቃለች። ስለ ሆዱ ግን ምንም አታውቅም።

ነርስ ነኝ። ሕፃን ታሞ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው እናቱ ላይ ነው። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ሌሊት እንዳተኮሰው፣ አምና እንዲህ ሆኖ እንደነበር የምትነግረኝ እሷ ነች። የክትባት ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምታመጣው እሷ ነች። ሽሮፑን በሌሊት ተነስታ የምታጠጣውም እሷው ነች። ያን ቀን ከልጁ ፊት ቁጭ ብዬ ምን እንደጎደለኝ ገባኝ። መድኃኒት ነበረኝ። የልጁን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነው ያልነበረኝ።

ስለዚህ ይሄ መመሪያ ከመድኃኒት ይልቅ በዚያ ጉድለት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከተማርኩት የተነሳ ነው። ጦርነቱ ጥቅምት 2013 ተጀመረ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ልጆቹ ግን ከዚያም በኋላ በየመጠለያው ነበሩ። በመቀሌም፣ በአፋርም፣ በአማራም ትምህርት ቤቶች መኖሪያ ሆነው ነበር። የጻፍኩት ለጤና ባለሙያም፣ ባለሙያ ላልሆነ በጎ ፈቃደኛም ነው። የሁለቱ ሥራ የተለያየ ስለሆነ በየቦታው እለየዋለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ብቻችሁን አትሂዱ። መጀመሪያ የወረዳውን ወይም የከተማውን ጤና ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። መጠለያውን የሚሸፍነው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የእናንተ ሥራ የዚያ ጤና ጣቢያ ቅጥያ መሆን አለበት። ለብቻው የቆመ «ክሊኒክ» ከከፈታችሁ፣ እናንተ ስትሄዱ አብሮ ይሄዳል።

የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ የሙያ ፈቃዳችሁን ኮፒ ያዙ። ከውጭ አገር የምትመጡ ወገኖች ደግሞ አገር ቤት ለማከም የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። አሜሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ብትሠሩም ይሄ አይቀርም። ባለሙያ ያልሆናችሁ ደግሞ መርፌ አትንኩ፣ መድኃኒት አትዘዙ። ለእናንተ የሚሆን ሥራ ሞልቷል። መመዝገብ፣ መለካት፣ ውሃ ማከም፣ ልጅ ማቀፍ፣ ሌሊት መጠበቅ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጠለያ ውስጥ የሚያንሰው የሌሊቱ ሰው ነው።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር። አንድ ጊዜ ካርቶን ሙሉ መድኃኒት ተላከልን። ግማሹ ጊዜው ሊያልፍ ሳምንታት የቀሩት ነበር። የቀረው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንም ማንበብ አልቻለም። ሁለት ሰው ሙሉ ቀን ሲለይ ዋለ፣ ከዚያ አብዛኛው ተወገደ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለገስ መድኃኒት አገር ውስጥ ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት ጤና ጣቢያው የጎደለውን ዝርዝር ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሏችሁ ቀላል ነገር ነው፤ ጓንት፣ ሳሙና፣ ዚንክ፣ የሕፃን ሚዛን፣ የእጅ ባትሪ።

1. «ወላጅ አልባ» ለማለት አትቸኩሉ

ብቻውን የተገኘ ልጅ ሁሉ ወላጆቹ ሞተዋል ማለት አይደለም። ሲሸሹ ተጠፋፍተው ይሆናል። እናት በአንድ መኪና፣ ልጅ በሌላ ሄደው ይሆናል። ስለዚህ በቁጥር 2 በምነግራችሁ ካርድ ላይ «ከቤተሰቡ የተለየ» ብላችሁ ጻፉ። «ሟች» የሚለው ቃል የሚጻፈው የሚያረጋግጥ ሰው ሲገኝ ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ሁለት ቦታ አሳውቁ። አንደኛው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ቀይ መስቀል ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። ዘመድ የሚገኘው ከትንሽ ነገር ነው። የልጁ የቤት ስም፣ የአያቱ ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ስም፣ ወንዙ፣ የገበያው ቀን። ልጅ የወረዳውን ስም ላያውቅ ይችላል። «ገበያ ቅዳሜ ነው፣ ከቤታችን በላይ ሚካኤል አለ» ካለ ግን ግማሹ ሥራ አልቋል።

በተገኘበት ቀን የለበሰውን ልብስ አታስወግዱ። አርጅቶ፣ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። እጠቡና በፌስታል አድርጋችሁ ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡ። እናት ወይም አክስት ልጁን ከፊቱ በፊት በሹራቡ ልትለየው ትችላለች።

የልጁን ወገን አትጠይቁ። አባቱ ለማን እንደተዋጋ የሕክምናው ጉዳይ አይደለም። ቋንቋው ትግርኛ፣ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነ አስተርጓሚ ፈልጉ። ሌላ ልጅ አስተርጓሚ አታድርጉ። ያ ልጅ መሸከም የማይገባውን ነገር ይሰማል።

2. ካርዱን ሥሩ

ይሄ የመመሪያው እምብርት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠንካራ ወረቀት፣ ሁለት ኮፒ። አንዱ በፕላስቲክ ተደርጎ ከሚንከባከበው ሰው ጋር ይቀመጣል። ሌላው ጤና ጣቢያ ይቀመጣል። ልጁ አንገት ላይ አታንጠልጥሉት፤ ይጠፋል፣ ያየው ሁሉም ያነበዋል።

በፊት ለፊቱ ስም፣ የሚገመት ዕድሜ፣ የተገኘበት ቦታና ቀን፣ ክብደት፣ የክንድ ልኬት፣ አለርጂ፣ የተሰጠ ክትባት፣ የተሰጠ መድኃኒት ከነሰዓቱ። በጀርባው ደግሞ ሌላ ነገር ጻፉ። ምን ሲሉት እንደሚያባብለው። ከማን ጋር እንደሚተኛ። ምን እንደማይበላ። ማታ ምን እንደሚያስፈራው። አንዲት ሕፃን ነበረች፣ ክኒን የምትውጠው በማር ከሆነ ብቻ ነው። ይህንን ያወቅነው በ3ኛው ቀን ነው። ካርዱ ላይ ባይጻፍ ኖሮ ቀጣዩ ተረኛ ከእሷ ጋር እንደገና ሲታገል ያድር ነበር።

በሽታና ጥቃትን የሚመለከት ምስጢር ካርዱ ላይ አይጻፍም። ያ ጤና ጣቢያው መዝገብ ውስጥ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል።

3. መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ

ሰልፍ ላይ 40 ልጅ ካለ በሰልፉ ቅደም ተከተል አትዩ። አንድ ሰው ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ይዙር። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሚከተሉት አንዱን ካሳየ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሄዳል፦ መጠጣት ወይም መጥባት ካልቻለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነቃ ወይም እጅግ ከደከመ። ትልልቆቹ ላይም ይሄው ይሠራል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ ባለበት አካባቢ በ907 ይደወላል።

ከዚያ ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ከደረቱ ላይ ተገልጦ፣ ሙሉ 1 ደቂቃ። በሰዓት ነው የሚቆጠረው፣ በግምት አይደለም። ከ2 ወር በታች 60 እና በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ሳል ካለው የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ አትጠብቁ።

የሚያለቅሰው ልጅ ትኩረታችሁን ይስባል። ዝም ያለውን ግን ቀድማችሁ እዩት። እናት ያለችው ልጅ ዝም ሲል እናቱ ትጮኻለች። የነዚህን ዝምታ የሚያስተውል የለም። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ልጅ ካያችሁ «ደክሞት ነው» አትበሉ። ሄዳችሁ ቀስቅሱት።

4. ዕድሜውን ገምቱ፣ ክብደቱን ግን አትገምቱ

የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በክብደት ነው። ስለዚህ ሚዛን የግድ ነው። ለምሳሌ ፓራሲታሞል ለአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ያልበለጠ። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ጠርሙሱ ላይ አንብቡ፤ ይለያያል። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ በሲሪንጅ ለኩ።

የልደት ካርድ የለም። ዕድሜን ለመገመት የአካባቢውን ዘመን ተጠቀሙ። «ኮሮና ሲመጣ ይሄዳል ወይስ ታዝሏል?» ብላችሁ የሚያውቀውን ጎረቤት ጠይቁ። ኮሮና አገራችን የገባው መጋቢት 2012 ነው። ጥምቀት፣ አረፋ፣ መኸር፣ ጦርነቱ የደረሰበት ወር፣ ሁሉም መለኪያ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት ሲመዘግቡን እጃችንን በጭንቅላታችን ላይ አዙረን ተቃራኒውን ጆሮ እንድንነካ ያደርጉን ነበር። ዛሬም ለግምት ያግዛል። ፊት ያሉት የወተት ጥርሶች መውለቅ የሚጀምሩት 6 ዓመት አካባቢ ነው። ከተጠራጠራችሁ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ።

5. ክንዱን ለኩ፣ እግሩን ተጫኑ

ባለሙያ ያልሆነ ሰው በግማሽ ቀን ሊማረው የሚችል፣ ሕይወት የሚያድን ሥራ ይሄ ነው። የምግብ እጥረትን በሚለየው ባለ ቀለም ጥብጣብ የግራ ክንድ ዙሪያ ይለካል፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ ክንዱ ዘና ብሎ ወደ ታች ሲንጠለጠል። የሚያገለግለው ከ6 እስከ 59 ወር ለሆነ ልጅ ነው። ዕድሜው ካልታወቀ ቁመቱ ከ65 እስከ 110 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ለኩ።

ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ ነው። ጥብጣቡን አጥብቃችሁ አትሳቡ፣ ቆዳውን መንካት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጫኑ። ጣታችሁ ሲነሳ ሁለቱም እግር ላይ ጉድጓድ ከቀረ እብጠት አለ ማለት ነው። ክንዱ ወፍራም ቢመስልም ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እብጠት ያለው ልጅ ፊቱ ሞልቶ ስለሚታይ «ይሄስ ደህና ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንዳያልፋችሁ።

ፕላምፒናት (ለምግብ እጥረት የሚሰጠው የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ) የሚታዘዘው በጤና ጣቢያ ነው። የእናንተ ሥራ ልጁ መብላቱን ማየት ነው። እናት አጠገቡ ከሌለች የልጁ ፕላምፒናት የት እንደሚሄድ ማን ይከታተላል? አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። ፓኬቱን በጥርሷ ቀደደች። አንድ ጊዜ ራሷ ላሰችና ቀሪውን እየጨመቀች ጀርባዋ ላይ ላለው ወንድሟ አጎረሰችው። ጤና ጣቢያ የተመረመረችው እሷ ነበረች። ምግቡ የታዘዘውም ለእሷ ነበር። አልተቆጣናትም። ለወንድሟም ተለካለት፣ ለእሱም የሚገባው ተሰጠው፣ ከዚያ በኋላ የራሷን በላች። ወንድምና እህት ካለ አንዱን ለብቻ አታክሙ።

ፕላምፒናት ሲሰጠው አልበላም ያለ፣ ትኩሳት ያለው፣ የሚያስመልስ ወይም የቀዘቀዘ ልጅ ተኝቶ መታከም አለበት። ቅዝቃዜን አትናቁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። በረሃብ የከሳ ሕፃን ሙቀቱን መያዝ አይችልም። ኮፍያ፣ ብርድ ልብስ፣ ከአዋቂ ሰው ገላ ጋር ማስጠጋት እንደ መድኃኒት ቁጠሩት።

6. እናት የሌለው ጨቅላ

እዚህ ላይ ደግ ሰው ብዙ ይሳሳታል። ቆርቆሮ ወተትና ጡጦ ይዞ ይመጣል። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ጡጦ ተቅማጥ ያመጣል። መጀመሪያ የምታጠባ ሴት ፈልጉ፤ አክስት፣ ጎረቤት፣ ፈቃደኛ እናት። የጡት ልጅ ማድረግ በእኛ አገር የቆየ ነገር ነውና ስታስረዱ አትቸገሩም። እሷ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንድታደርግ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ከዚህ በፊት ወልዳ ያጠባች አያትም በባለሙያ እገዛ፣ ሕፃኑ ደጋግሞ እየጠባ፣ ወተቷ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልተገኘ ጤና ጣቢያው ወተት ያዝዛል። ያኔም በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒ አጠጡት። ስኒ ይታጠባል፣ ይፈላል። ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን የላም ወተት አይሰጥም። የምታጠባዋ ሴት ራሷ እንድትበላ አስታውሱ፤ ሁለት ልጅ ይዛለች።

7. በመጠለያ የሚመላለሱት በሽታዎች

*ተቅማጥ።* ኦ አር ኤስ (ብዙ ሰው «ለምለም» ይለዋል) አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ከለካችሁ 2 ሃይላንድ ነው። ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከ2 ዓመት በታች ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ፓኬት ከጠፋ ለ1 ሊትር የፈላ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ደልደል ተደርገው። ዚንክ ደግሞ ለ10 ቀን ነው፤ ከ6 ወር በላይ 20 ሚሊግራም፣ ከዚያ በታች 10። ተቅማጡ በ3ኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ አይቆምም። እናት በሌለበት የሚረሳው ይሄ ነው። ደም የቀላቀለ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ለጤና ጣቢያው ወዲያው ይነገር። በከባድ የምግብ እጥረት ላይ ያለ ልጅ ተቅማጥ ካለውም ለብቻው የሚታይ ነው፤ ተራው ኦ አር ኤስ በብዛት አይሰጠውም፣ ባለሙያ ይወስን።

*ኩፍኝ።* ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የቀላ ዓይን። በተጨናነቀ ቦታ እንደ እሳት ነው። ካርድ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ድጋሚ ቢከተብ አይጎዳውም። በአስቸኳይ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ድረስ ይከተባል። ከ9 ወር በፊት የተከተበው ደግሞ ዕድሜው ሲደርስ እንደገና ይከተባል። ቫይታሚን «ኤ» ደግሞ አብሮ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000 ዩኒት፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 200,000። ሲሰጥ ካርዱ ላይ ወዲያው ጻፉት፤ ሁለት ቡድን በአንድ ሳምንት መጥቶ ሁለት ጊዜ እንዳይሰጠው።

*እከክ።* አብረው የሚተኙት ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ። አንዱ ከቀረ ሁሉም ይመለስበታል። ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ መታጠብ የማይችለው በፌስታል ታሽጎ ለ3 ቀን ይቀመጥ።

*የልብስ ቅማልና ትኩሳት።* ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ ተስቦ ወይም ግርሻ ሊሆን ይችላል። መጠለያ ውስጥ አንቲባዮቲክ አትስጡ። የግርሻ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ከባድ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ስለሚችል ክትትል ባለበት ቦታ መደረግ አለበት።

ስለ ውሃ በአጭሩ። «ውሃ አጋር» ወይም የክሎሪን ክኒን ካላችሁ መጠኑን ከጽሑፉ አንብባችሁ፣ በንጹሕ ጀሪካን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

8. የሌሊቱን መድኃኒት ማን ይሰጠዋል?

ማንኛውንም መድኃኒት ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ። መልስ ከሌለ መድኃኒቱ አልታዘዘም ማለት ነው። ለ5 ቀን የሚወሰድ አሞክሲሲሊን ለ6 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ማስጨበጥ ሕክምና አይደለም።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቋሚ አዋቂ ይመደብ። ቢቻል ዘመድ፣ ካልሆነ ከአንድ መንደር የመጣች ሴት፣ በሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ታውቃ። ስታነጋግሯት በአክብሮት ይሁን። «እማማ፣ ይሄን ልጅ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው የለም። ማታ 2 ሰዓትና ጠዋት 2 ሰዓት ይሰጡልናል?» በሏት። ሰዓት ከሌላት በአዛን፣ በቅዳሴ፣ በእራት አስሩላት። የመጀመሪያውን መጠን እናንተ ፊት ትስጠው። ማንበብ ካልቻለች ጨረቃና ፀሐይ ሥላችሁ በሰጠች ቁጥር መስመር ታስምር።

እሷም ተፈናቃይ ነች። የራሷ ልጆች አሏት። ሳሙናና ምግብ ሲከፋፈል የያዘችው ልጅ ድርሻ እንዳይዘለል ቆማችሁ ተከራከሩላት።

9. መርዶ

ልጁ «እናቴ የት ናት?» ይላችኋል። መልሱን አዘጋጁ። ካልታወቀ «እየፈለግናት ነው፣ እስከዚያ እማማ አብራህ ናት» በሉት። «ነገ ትመጣለች» አትበሉ። ነገ ሲመጣ ይጠብቃችኋል።

ሞቷ ከተረጋገጠ መርዶውን የሚናገረው በጎ ፈቃደኛ አይደለም። በባህላችን መርዶ ወግ አለው፤ ቅርብ ሰው፣ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም ሼህ በጠዋት ሄዶ ነው የሚያረዳው። ለልጅም ቢሆን የሚያውቀው ሰው ይሁን። እናንተ አጠገብ ሁኑ፣ ውሃ ያዙ። ብዙ ጊዜ ትልልቆች ከልጅ ይደብቃሉ፤ ከደግነት ነው። ልጁ ግን ሰዎች እሱን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ እንደሚያደርጉ ያስተውላል። ስለዚህ ከሚነግሩት ሰዎች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። «ሞተች» የሚለው ቃል ይነገር። «ተኝታለች» ከተባለ ትንሽ ልጅ መተኛት ይፈራል። «አገር ሄደች» ከተባለ ጥላኝ ሄደች ይላል። «አንተ ባደረግከው ነገር አይደለም» የሚለውም በግልጽ ይነገረው፤ ብዙ ልጆች ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ያደርጉታል።

ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ሊሸና፣ ሊጣላ፣ ወይም ምንም እንዳልሆነ ሊጫወት ይችላል። ሁሉም ሐዘን ነው። አትቆጡት። የሚረዳው ቀኑ የሚታወቅ ሲሆን ነው፤ በተወሰነ ሰዓት መብላት፣ በተወሰነ ሰዓት መጫወት፣ በተወሰነ ሰዓት መተኛት። ስላየው ነገር እንዲናገር አታስገድዱት። መብላት ካቆመ፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላም ዝም ካለ፣ ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ላኩት።

10. የማይወጣ ምስጢርና የማይነሳ ፎቶ

ጥቃት የደረሰባት ልጅ ልትኖር ትችላለች። ወንድ ልጅም ሊሆን ይችላል። በሰው ፊት አትጠይቁ። እናንተ መርማሪ አይደላችሁም። ራሷ ከነገረቻችሁ እመኗት፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት በዚያው ቀን ሆስፒታል ይዛችኋት ሂዱ። ማን እንዲያውቅ እንደምትፈልግ ጠይቋት።

ፎቶ አታንሱ። ይሄን ሳይ ልቤ ይቆስላል። የሕፃን ፊት፣ ከሥሩ የባንክ ቁጥር። ልጁ ነገ 20 ዓመት ሲሆነው ያ ምስል ከስልክ ስልክ እየዞረ ይሆናል። ለለጋሽ ማሳየት ካለባችሁ የተደረደረውን መድኃኒት፣ የተሞላውን መዝገብ አሳዩ።

«ይሄን ልጅ ልውሰደው» የሚል ስሜት ይመጣባችኋል። የሰው ስሜት ነው። ግን ይዛችሁ አትውጡ። ዘመዱ እየፈለገው ሊሆን ይችላል። ለውጭ አገር ዜጋ ደግሞ ጉዲፈቻ በኢትዮጵያ ሕግ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ተከልክሏል።

ስትወጡ

የምትሄዱበትን ቀን በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ ንገሩ። «ለ2 ሳምንት ነው የመጣሁት» በሉ። ሳይሰናበቱ መጥፋት ለነዚህ ልጆች ሌላ መጥፋት ነው። ከመሄዳችሁ 3 ቀን በፊት ተተኪውን ወይም የጤና ጣቢያውን ሰው ይዛችሁ ከልጅ ልጅ ዙሩ። ካርዱን ከፍታችሁ፣ ልጁና እማማ ባሉበት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ያልተጠናቀቀ መድኃኒት፣ የሚቀር ክትባት፣ የቀጠሮ ቀን፣ ሁሉም በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ።

ያ ሆዱን ያመመው ልጅ ጃርዲያ ነበረበት፤ ታከመ፣ ዳነ። ከወራት በኋላ አክስቱ ተገኘች። ካርዱን ሰጠኋት። ስለ መድኃኒቱ የተጻፈውን ገረፍ አድርጋ አለፈችው። ጀርባውን ገለበጠች። «የፊት ጥርሱ ወለቀ፣ ታኅሣሥ 12፣ ጣሪያ ላይ ወረወረው» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ልጁን አገጩን ይዛ ቀና አድርጋ አፉን እንዲከፍት ነገረችው፣ አዲሱ ጥርስ የት እንደደረሰ ለማየት።

የካርዱን ጀርባ ባዶ አትተዉ።